«ዋጥ አርገው!»፦ አስተዳደግ፣ ሆድና ሥነ ቃል በጃናሞራ ደጋ

ሥነ ቃል ለመሰብሰብ ወደ ገጠር የሚወጡ ተማሪዎቻችን ይዘውት በሚመለሱት ዘገባ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ «መረጃ አቀባይዋ ስሜታቸውን ለመግለጽ ፈቃደኛ አልሆኑም» የሚል። ተማሪው ልጃቸው የሞተባቸውን እናት «ምን ተሰማዎት?» ብሎ ይጠይቃል። እርሳቸውም «ምን እላለሁ ልጄ፣ እግዜር ይመስገን» ይሉታል። ነገሩ እዚያው ላይ ይዘጋል። በዚያው ዘገባ አባሪ ላይ ግን እኒያው እናት በለቅሶው ዕለት የደረደሩት ሙሾ ሁለትና ሦስት ገጽ ሞልቶ ይገኛል። ተማሪው ሁለቱን አያገናኛቸውም። ቃለ መጠይቁን የስሜት ማስረጃ፣ ሙሾውን ደግሞ የዘውግ ናሙና አድርጎ ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል።

ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ለማገናኘት ይሞክራል። መንገዴ በአስተዳደግ በኩል ነው። ማሳያ አድርጌ የምወስደው ተወልጄ ያደግሁበትን፣ የጃናሞራ ወረዳ ከተማ የሆነችውን መካነ ብርሃንንና በዙሪያዋ ያለውን የሰሜን ጎንደር ደጋ ነው። በዚህ አገር ልጅ ሲያድግ የሚማረው ስሜት አልባ መሆንን አይደለም። የሚማረው የተሰማውን የት እንደሚያስቀምጥና የት እንደሚያወጣው ነው። የሥነ ቃል ዘውጎቻችንን ከዚህ ትምህርት ነጥሎ ማንበብ አይቻልም የሚል እምነት አለኝ።

ክዳን ወይስ ቅመም?

ጥያቄው በሥነ ልቡናና በሥነ ሰብእ ምርምር ዘንድ ሲያከራክር የኖረ ነው። አሜሪካዊው ፖል ኤክማን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ተጉዞ፣ ከውጭው ዓለም ጋር እምብዛም ያልተገናኙትን የፎሬ ሰዎች የፊት ገጽታ ፎቶግራፎችን እያሳየ ጠየቃቸው። የቁጣ፣ የሐዘን፣ የፍርሃትና የደስታ የፊት ምልክት በሰው ዘር ሁሉ አንድ ነው ወደሚል መደምደሚያም ደረሰ። ይሁን እንጂ እርሱና ባልደረባው ዋላስ ፍሪሰን እ.ኤ.አ. በ1969 «የማሳያ ደንቦች» የሚል ሐሳብ ጨመሩበት። ስሜቱ የጋራ ቢሆንም መቼ ይታይ፣ በማን ፊት ይታይ፣ መቼ ይሸፈን የሚለውን ልጁ ከአሳዳጊዎቹ ይማረዋል ማለታቸው ነው። በአንጻሩ ሊሳ ፌልድማን ባሬት እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመችው መጽሐፍ ነገሩን ከሥሩ ትሞግታለች። እንደ እርሷ አባባል «ሐዘን» ወይም «ቁጣ» ብለን የምንጠራው ተዘጋጅቶ የሚጠብቀን ነገር አይደለም፤ አንጎል ከአካል የሚደርሰውን ምልክት ባሳደገን ቋንቋና ልማድ እየተረጐመ በየጊዜው የሚሠራው ነው።

በእኛ አነጋገር ብናስቀምጠው ክርክሩ አስተዳደግ የድስቱ ክዳን ነው ወይስ የወጡ ቅመም የሚል ነው። ክዳን ከሆነ ውስጡ የትም አንድ ነው፤ ክዳኑን ማንሣት ብቻ ይበቃል። ተማሪዎቻችን ይህን የክዳን አስተሳሰብ ሳያውቁት ተሸክመውት ይሄዳሉ፤ ጥያቄያቸው ክዳኑን ለማንሣት የታለመ ነውና። በበኩሌ ወደ ቅመሙ አደላለሁ። ምክንያቴን ለማስረዳት ግን ከሕፃኑ መነሣት አለብኝ።

ከአንቀልባ እስከ እረኝነት

በጃናሞራ ደጋ ሕፃን ጡት እስኪጥል ድረስ ከሰው ገላ አይለይም። ሲያለቅስ ጡት ይሰጠዋል፤ እናቱ ሥራ ከያዘች አክስቱ ወይም ታላቅ እኅቱ በአንቀልባ አዝላ እሹሩሩ ትለዋለች። መንገደኛው ሁሉ ይስመዋል። ቢቆጣ፣ ቢመታ፣ ጢም ቢጎትት እንኳ ይሳቅለታል። ለዚህ ዕድሜ ልጅ የሚሰማን ፍቅር የምንጠራበት «ስስት» የሚለው ቃል ለንፉግነትም የሚያገለግል መሆኑ ልብ ይሏል። «እሳሳለታለሁ» የምትል እናት የምትወደውን ብቻ አይደለም የምትናገረው፤ እንዳላጣው እፈራለሁም እያለች ነው። ልጅ ተወልዶ ማደጉ እርግጥ ባልነበረበት አገር የተሠራ ቃል ነው።

ቀጥሎ ታናሽ ይመጣል፤ ወይም ልጁ አፉን ይፈታና «ነፍስ ዐወቀ» ይባላል። ያን ጊዜ ዓለም ይለወጥበታል። መጀመሪያ ጥጃ፣ ቀጥሎ በግ፣ ቀጥሎም ከብት ይጠብቃል። እንግዳ ሲመጣ እግር ያጥባል፤ ታላላቆቹ ሲበሉ ኩራዝ ይዞ ይቆማል፤ ሲናገሩት ዐይኑን ወደ መሬት ያደርጋል። ካጠፋ ለበቅ አለ፤ ቁንጥጫም አለ። ከለበቁ በኋላ የሚመጣው ትእዛዝ ነው ለጉዳዬ ዋናው፦ «ዋጥ! ዋጥ አርገው!»

ይህን ሐረግ ሳንሰማው ያደግን ጥቂቶች ነን። ስለለመድነው ግን ምን እንደሚል አናስተውለውም። «አታልቅስ» ብቻ ቢባል ለቅሶው እንዲቀር ማዘዝ ይሆን ነበር። «ዋጠው» ሲባል ግን ለቅሶው መኖሩ የታመነ ነው፤ እንደ ጉርሻ አፍ ውስጥ ገብቷል፤ የሚቀረው ወደ ታች መላክ ነው። ለልጁ የተነገረው «ሐዘንህ ከንቱ ነው» የሚል አይደለም፤ «ቦታው እዚህ አይደለም» የሚል ነው።

ጉርሻን ካነሣሁ አይቀር፣ ፍቅርም የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው። ያሳደጉን አባቶች «እወድሃለሁ» አይሉም ነበር። በተለይ በገዛ አባታቸውና በሽማግሌ ፊት ልጃቸውን አቅፎ መሳም ነውር ነበር። ቆሞ ኩራዝ ለያዘው ልጅ ግን ከመሶቡ ጠርዝ ትልቅ ጉርሻ ይጠቀለልለታል። ልጁ እንባውንም የአባቱን ፍቅርም በአንድ ጉሮሮ ነው የዋጠው።

አባትና እናት በቃል የማይሉትን የሚሉበት ሌላም ስፍራ አለ፤ የልጁ ስም። ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚባል ልጅ ከእርሱ በፊት የሞተ ሰው እንዳለ ገና ሲጠራ ያስታውቃል። ስንታየሁ የምትባል ልጅ እናቷ ያሳለፈችውን በስሟ ተሸክማ ትዞራለች። ወላጆቹ ስለዚያ ሞት ዕድሜ ልካቸውን አንዲት ቃል ላያወጡ ይችላሉ፤ በየቀኑ ግን ከደጅ ቆመው ጮክ ብለው ይጠሩታል። የሚዋጥ ሐዘን የሚወጣበት ቀዳዳ ካለው ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ይመስለኛል።

ሕፃንን አሞላቆ ካሳደጉ በኋላ ድንገት መጨከን የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። ዣን ብሪግስ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመችው ጥናት፣ በካናዳ ሰሜናዊ በረዶ ምድር አብራቸው የኖረቻቸው የኢኑይት ቤተሰቦች የሕፃንን ቁጣና ለቅሶ በትዕግሥት ችለው ካሳለፉ በኋላ፣ ልጁ አእምሮ ገዛ ሲሉ ቁጣን ፈጽሞ እንዳያሳይ እንደሚጠብቁበት ጽፋለች። ልዩነታችን በሚዋጠው ነገር ነው። በእኛ አገር ቁጣ ለወንድ ልጅ በጊዜውና በቦታው ይፈቀድለታል፤ ፉከራና ቀረርቶም ለዚሁ የተዘጋጁ ናቸው። አብዝቶ የሚዋጠው ሐዘን፣ ፍርሃትና ናፍቆት ነው።

የተዋጠው የሚሄድበት

የተዋጠ ነገር ወደ ሆድ ይገባል። አማርኛችን ይህን በዘይቤ ብቻ አይደለም የሚለው፤ ጠቅላላ የስሜት መዝገቡን ያደራጀው በዚህ ነው። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ሆድ ይሸሻል። ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ቡቡ፣ ሆደ ባሻ የሚባል ሰው አለ። አንጀት ይላወሳል፣ ይበላል፣ ይርሳል፣ ይቆርጣል። ሐሞት ይፈሳል፣ ወሽመጥ ይቆረጣል። መናገር የማይገባው ነገር ሲገጥመን «ሆድ ይፍጀው» እንላለን፤ ወንድ ልጅ ደግሞ እንባው በሆዱ ነው ይባላል። በአንጻሩ ሐዘንተኛን «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ብለን እናጽናናለን፤ አልቅሶ የቀለለው ሰውም «ወጣልኝ» ይላል። እነዚህ አነጋገሮች «ዋጥ አርገው» ከሚለው ትእዛዝ ጋር አንድ ሥርዓት ናቸው። አንዱ የመግቢያው፣ ሌላው የማደሪያው፣ ሦስተኛው የመውጫው ነው።

የሰዋስው ተማሪዎች የሚያውቁት ሌላ ነገር አለ። «ከፋኝ፣ ናፈቀኝ፣ ጨነቀኝ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ደስ አለኝ» ስንል ባለ ስሜቱ የግሡ ባለቤት አይደለም፤ ተሳቢ ነው። ልክ «ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ» እንደምንለው ስሜቱ ከወዲያ መጥቶ ያገኘናል። «አፈርሁ፣ ኮራሁ፣ ተቆጣሁ፣ ቀናሁ» ስንል ግን ባለቤቶቹ እኛው ነን። ሕጉ ዝንፈት የለውም አልልም፤ «አዘንሁ» እና «ተከዝሁ» ወደ ሁለተኛው ወገን ይሄዳሉ። ያም ሆኖ ሰው ፊት የሚያስጠይቁት ስሜቶች በአብዛኛው ባለቤት ያላቸው፣ ለሆድ የተተዉት ደግሞ በአብዛኛው ባለቤት የሌላቸው መሆናቸው አንድ ብርቱ የጥናት ወረቀት የሚወጣው ጉዳይ ነው።

«ይሉኝታ»ስ? ቃሉ ሲፈታ «ይሉኛል» ነው፤ የሌሎች ሰዎች ንግግር በአንድ ሰው ውስጥ ገብቶ ስሜት ሆኗል። ይህን የመሰለ ስሜት አስተዳደግ የከደነው ነው ማለት አይቻልም። ያለ አስተዳደግ ጭራሽ አይኖርም ነበር።

ቅመሙ እስከ ገላ ድረስ እንደሚዘልቅ የሚያሳይ አንድ ጉዳይ ልጥቀስ። በሰሜንና በጎንደር ዙሪያ ለዘመናት ከጎረቤቶቻቸው ጋር አንድ ቋንቋ ሲናገሩ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት በሺህ የሚቆጠሩት በእግር ሱዳን ገብተው ወደ እስራኤል ተሻግረዋል። በመንገድና በመጠለያ ጣቢያዎች ብዙዎች ሞተዋል፤ ቤተሰቦቻቸውን ቀብረው ወይም በአገር ቤት ትተው ብቻቸውን የደረሱ ልጆችም ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ምግብ አልዋጥ ያላቸው፣ የቀመሱትንም የሚያስመልሱ ወጣቶች ታዩ። ምልክቱን በምዕራባውያን የሕክምና መጻሕፍት የሚያነብ ሰው ቅጥነትን በመሻት የሚመጣ የአመጋገብ ሕመም ሊለው ይችላል። እነዚህን ወጣቶች ያከመው የሥነ ልቡና ባለሙያ ጋዲ ቤንኤዘር እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ጽሑፍ ግን ሌላ ንባብ አቀረበ። በመጡበት ባህል ሆድ የስሜት ዕቃ ነው፤ የተሸከሙት ሐዘን ዕቃውን ስለሞላው ለምግብ የሚሆን ስፍራ አልቀረም አለ።

ይህ ለሥነ ጽሑፍ ሰው ትልቅ ነገር ነው። አንድ ፈሊጣዊ አነጋገር በትክክል ባይነበብ ኖሮ አንድ ልጅ በሌለበት በሽታ ይታከም ነበር። እኛ በክፍል ውስጥ «ሆድ ባሰው» የሚለውን «አዘነ» ብለን ፈትተን ስናልፍ የምንጥለው ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

መውጫዎቹ

ሆድ የገባው ሁሉ እዚያው አይቀርም። ወንድ ልጅ አያለቅስም የተባለው ያው ሰው በለቅሶ ቦታ፣ የወንድሙ ጠመንጃና በርኖስ ወጥቶ ሲያይ፣ በሕዝብ ፊት ደረቱን እየመታ ይጮኻል። ማንም አይንቀውም፤ እንዲያውም ባያደርገው ነው የሚታማው። አልቃሿ ስንኝ እየደረደረች የእያንዳንዱን ሐዘንተኛ ሆድ ትቆሰቁሳለች። ከዓመታት በፊት በአካባቢያችን በአንድ ለቅሶ ላይ የሰማኋት እናት የሞተውን ልጇን በስሙ አልጠራችውም፤ ሬሳውንም አላየችውም። ስንኟን የሰጠችው ከግቢው ለታሰሩት ሁለት በሬዎች ነበር፤ ነገ ማን እንደሚጠምዳቸው ጠየቀቻቸው። ሽማግሌዎቹ ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው። በማግሥቱ እንዴት አደርሽ ስትባል የሰጠችው መልስ «እግዜር ይመስገን» ነበር።

ከሁለቱ የትኛው እውነተኛ ስሜቷ ነው? ሊላ አቡ ሉጉድ ይህንኑ ጥያቄ በግብፅ ምዕራባዊ በረሃ በአውላድ ዐሊ በደዊን መካከል ገጥሟት እ.ኤ.አ. በ1986 መልስ ሰጥታበታለች። በዕለት ንግግራቸው ስለ ክብርና ስለ ጥንካሬ ብቻ የሚያወሩ፣ ፍቺም ሆነ ሞት ግድ እንደማይሰጣቸው የሚናገሩ ሰዎች፣ ጊናዋ በሚሏቸው እጅግ አጫጭር ግጥሞች ውስጥ የቆሰለ ልባቸውን ያወጣሉ። አቡ ሉጉድ ግጥሙ እውነት፣ ንግግሩ ጭምብል ነው ብላ አልደመደመችም። ሁለቱም የዚያው ሰው ናቸው፤ ሁለቱንም አስተዳደጉ አስተምሮታል። የእኛም እናት «እግዜር ይመስገን» ስትል አልዋሸችም። የአገሩ ሥርዓት እንደሚጠይቀው ውጣዋለች፤ በለቅሶውም ቀን ሥርዓቱ እንደሚጠይቀው አውጥታዋለች።

ለቅሶ አንዱ መውጫ ብቻ ነው። ልጁ ለከብት ጥበቃ ከቤት የሚወጣበት መስክ ሌላው ነው፤ ዋሽንት የሚነፋው፣ የሚዘፍነው፣ የሚሳደበውም እዚያ ነው። ሹማምንት የአገሩን ስሜት ማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር የሚባለው፣ ትልቅ ሰው የሚውጠውን እረኛው እንዲያወጣው የተፈቀደለት በመሆኑ ይመስለኛል። ቤቱን ጥሎ ለሚሄደው የቆሎ ተማሪ ደግሞ ቅኔ ቤቱ አለለት። በአኮፋዳው ቁራሽ እየለመነ፣ በውሻ እየተነከሰ፣ «እናቴ ናፈቀችኝ» ማለት የማይችለው ልጅ፣ ረኀቡን በኤልያስና በቁራው ታሪክ ሸፍኖ በመምህሩ ፊት ሲቀኝ ሰሙን ለመጽሐፉ፣ ወርቁን ለሆዱ ያደርገዋል።

ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ የአማራ ልጅ አስተዳደግ ከሁሉ በላይ መታዘዝን እንደሚያስተምር ከጻፈ በኋላ፣ ለሰምና ወርቅ አነጋገር የሰጠው ጥቅም ለቀልድ፣ ለሽፍን ስድብ፣ የግል ጉዳይን ከሰው ለመከለልና ባለሥልጣንን ለመንቀፍ መዋሉን ነው። ትዝብቱ ስሕተት አለው አልልም፤ ማንም የጎንደር ሰው ምሳሌ ሊጨምርለት ይችላል። ነገር ግን የዘረዘራቸው ሁሉ ሰው በሰው ላይ የሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች ናቸው። አንድ ሰው ከራሱ ሆድ ጋር ለሚያደርገው ንግግርም ሌላ ቋንቋ ያልተሰጠው መሆኑን ሌቪን አጥብቆ አልሄደበትም። ቅኔው ለብዙዎቹ ብቸኛው ሰዋስው ነበር።

ድንጋዩ ሲነሣ

ይህን ሁሉ ስል የድሮውን አስተዳደግ ማወደሴ አይደለም። ከሁሉ የከፋው ሸክም የወደቀው በሴት ልጅ ላይ ነው። በልጅነቷ ተድራ አማት ቤት የገባች ልጅ እረኝነት የላት፣ ቅኔ ቤት የላት፣ ፉከራ የላት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ቀጥሎም በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርገው ቢደነግጉም ልማዱ በአንድ ጊዜ አልቆመም። ለእርሷ የተተወላት መውጫ ወፍጮው ነበር። ሌሊት በዶሮ ጩኸት ተነሥታ መጁን ይዛ ስትፈጭ የምታንጎራጉረውን ባሏም አማቷም ይሰሙታል፤ ስለ እነርሱ መሆኑንም ያውቃሉ። ለምን እንዲህ አልሽ ተብላ ግን አትጠየቅም። የወፍጮ ዘፈን ነዋ። በቀን ብትለው የሚያስመታት ቃል በወፍጮ ላይ ዜማ ነበር።

ዛሬ የናፍጣና የኤሌክትሪክ ወፍጮ በየቀበሌው ገብቷል። ማንም ሴት የእጅ ወፍጮው ይመለስ አትልም፤ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነበር፤ እኔም አልልም። ነገር ግን ወፍጮው ሲነሣ ዘፈኑም አብሮት ተነሣ፤ «ዋጥ አርጊው» የሚለው ትእዛዝ ግን አልተነሣም። የጽሑፌ ዋና ጭንቀት ይህ ነው። የመዋጡ ትምህርት እንዳለ ሆኖ መውጫዎቹ አንድ በአንድ እየጠበቡ ነው። እረኛው ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ደግ ሆነ። የቆሎ ተማሪው ቁጥር ቀንሷል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ለቅሶ በጥቂት ሰው እንዲሆን ታዘዘ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የተጀመረውና በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው ጦርነት ወደ ሰሜን ጎንደር በዘለቀ ጊዜ ደግሞ፣ አስከሬን ሳይመጣ፣ መቃብር ሳይታወቅ መርዶ ብቻ የደረሳቸው ቤቶች ሞሉ። ልብስና ፎቶግራፍ አውጥቶ ማልቀስ ይቻላል፤ ድሮም ለሩቅ አገር ሟች ይደረግ ነበር። ሆኖም ጎረቤቱም የራሱ መርዶ ያለበት መንደር ውስጥ አስለቃሽ ከየት ይመጣል?

መርዶን ካነሣሁ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ከሁሉ አጥብቀው የያዙት ሥርዓት ይኸው መሆኑ የሚገርም ነው። ወሬው በስልክ ቢደርስም ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም፤ ወዳጅ ዘመድ ተጠራርቶ በማለዳ፣ ወደ ሥራ ሳይሄድ፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያረዳዋል። የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጣችው ጽሑፍ፣ የአሜሪካ ሐኪሞች ለኢትዮጵያውያን ስደተኛ ሕሙማን ክፉ ዜናን ፊት ለፊት መንገራቸው ምን ያህል እንደሚጎዳቸው አስረድታለች። አስቀድሞ ለቤተሰብ ይነገር፣ እነርሱ ጊዜውንና ሁኔታውን ይምረጡ ስትል ነው። ሐኪሙ እውነትን መናገሩ ነው። ታማሚው የሚሰማው ግን ያለ ሰው፣ ያለ ሰዓቱ፣ ያለ ቦታው የተወረወረበትን መርዶ ነው፤ እንደ ልጅነቱም ይውጠዋል።

ወደ ንባባችን

ይህ ሁሉ የልብ ወለድ ንባባችንንም ይነካል። ሀዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ፍቅር የሚተርክ ሆኖ ሳለ ከማንኩሳ፣ ከበዛብህ ወላጆች የሚጀምረው ለምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ፣ «ለታሪኩ ዳራ» የሚል መልስ ነው የሚበዛው። ዳራ አይደለም። በዛብህ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ ነው። እንደ ማንኛውም ወጣት ሲያፈቅር የሚሰማው ፍቅር ብቻ አይደለም፤ የእናትና የአባቱ ስለት ከውስጡ ይናገረዋል። ያንን ፍርሃት ከእርሱ ቀንሰን ፍቅሩን ብቻ ልናነብ አንችልም፤ አንድ ላይ የተቀመመ ነው። የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁንም ስለ መይሳው ካሳ ለጻፈው ልብ ወለድ «የቴዎድሮስ ዕንባ» የሚል ርእስ መምረጡን ልብ ማለት ያሻል። ከጀግና ሆድ ውስጥ ያለውን ደጅ የሚያወጣ ርእስ ነው።

ለመስክ ሥራችንም ቢሆን ጥያቄውን መለወጥ ይኖርብናል። «ምን ተሰማዎት?» የሚለው ከሌላ አስተዳደግ የመጣ ጥያቄ ነው። በእኔ ክፍል ተማሪዎች አሁን «ሆድ ሲብስዎት ምን ይሠራሉ? የት ይሄዳሉ? ማን ይሰማዎታል?» ብለው ነው የሚጠይቁት፤ መልሱ ይረዝማል።

ባለፈው ዓመት አንዱ ከመካነ ብርሃን ወጣ ባለች መንደር አንዲት አሮጊት እናት አነጋግሮ ነበር። የወፍጮ ዘፈን ያውቁ እንደሆነ ሲጠይቃቸው ረስቼዋለሁ አሉት። ሁለት ጊዜ ሄደ፤ ሁለት ጊዜ ያንኑ አሉት። በሦስተኛው ቀን «መጁን አምጣልኝ፤ እጄ ካልያዘው አፌ አያውቀውም» አሉት። ልጁ ከጎረቤት ግቢ ዶሮ ውሃ የሚጠጣበት ሆኖ የቀረውን አሮጌ ወፍጮ ለምኖ፣ መጁንም ከአጥር ሥር ፈልጎ አገኘ። ጥቂት ገብስ ተደረገበት። የመጀመሪያውን ደቂቃ ድንጋይ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ የቀጠለው ሃምሳ ደቂቃ የሚሆን ነው። አብረን ስንገለብጠው የአማታቸውን ስም ሰባት ጊዜ ቆጠርን። ወደ መጨረሻው ግድም የድንጋዩ ድምፅ ተለውጦ ስለሰማሁ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ገብሱ አልቆ ነበር፣ እርሳቸው ግን አላቆሙም አለኝ።